በዳሚ ጎሳ የሌለው ሰው ጎሳው ወረቀቱ ነው

በሐርጌሳ ከተማ ዳሚ በሚባለው ሰፈር ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሕግ ጉዳይ ማለት ትልቅ የፖለቲካ ክርክር አይደለም። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ በአፍ የተስማሙበት የቤት ኪራይ፣ በሽርክና የተከፈተች ሻይ ቤት፣ ወረቀት የሌለው ልጅ፣ “ፖሊስ ቢይዘኝስ?” የሚል ስጋት ነው። ጉዳዮቹ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ቃል አለ፣ ማስረጃ የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ? እንደሚታወቀው በሶማሊላንድ ሦስት ዓይነት ሕግ ጎን ለጎን ይሠራል። የመንግሥት ሕግ አለ፣ ሸሪዓ አለ፣ “ሔር” የሚባል የሽማግሌዎች ባህላዊ ሕግ አለ። የዕለት ተዕለት ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በሔር ነው። ሔር ፈጣን ነው፣ እንደ ፍርድ ቤትም አያመላልስም። ችግሩ የሚሠራው በጎሳ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ቢያጠፋ ካሳውን ጎሳው አዋጥቶ ይከፍልለታል። ቢበደልም የጎሳው ሽማግሌዎች ካሳ ይጠይቁለታል። ከወሎ ወይም ከሐረርጌ ለመጣ ስደተኛ ታዲያ ማን ይቁምለት? በዳሚ በብዛት የሚኖሩት ገቦዬዎች እንኳ የአገሩ ልጆች ሆነው ሳለ በዚህ ሥርዓት ድምፃቸው ሳይሰማ የኖሩ ናቸው።

የተጻፈው ሕግ በበኩሉ ስደተኛውን ጨርሶ አልረሳውም። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ስለ ፖለቲካ ጥገኝነት ይናገራል። በአንቀጽ 10 ደግሞ የቀድሞዋ ሶማሊያ የገባቻቸውን ስምምነቶች፣ ከአገሪቱ ጥቅም ጋር እስካልተጋጩ ድረስ፣ እንደሚያከብር ይገልጻል። ሶማሊያ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ይህ ስምምነት ስደተኛን ወደሚያሳድደው አገር በግድ መመለስን ይከለክላል። የሐርጌሳ ሕዝብም ስደትን ያውቀዋል። ከተማው እ.ኤ.አ. በ1988 በቦምብ ሲደበደብ ብዙዎች ኢትዮጵያ ገብተው እንደ ሐርተሼክ ባሉ ካምፖች ተጠልለዋል።

ነገር ግን ሕጉ መኖሩና ሕጉ መሥራቱ ሁለት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 የሶማሊላንድ መንግሥት ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ከነዚህ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በኦገስት 2012 ደግሞ የተመዘገቡ ስደተኞች ጭምር በግዳጅ ወደ ኢትዮጵያ መመለሳቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ገልጿል። ስለዚህ ወረቀት ሁሉን ያድናል ብሎ መናገር ውሸት ነው። ወረቀት የሌለው ግን ለመከራከሪያ የሚይዘው ነገር እንኳ አይኖረውም።

እስቲ ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

መታሰርን በተመለከተ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ከጠበቃው ወይም ከዘመዱ ጋር የመገናኘት መብትም ይሰጠዋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተያዘበት ጊዜ ነው። እንግዲህ አንድ ወገን ሲያዝ ጎረቤት መጀመሪያ መመዝገብ ያለበት የተያዘበትን ሰዓትና የተወሰደበትን ጣቢያ ነው። የስደተኛነት ወረቀት ፎቶ ኮፒ ከሚታመን ሰው ዘንድ ቢቀመጥ ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር ቢሮ ለማሳወቅ ያመቻል። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒክም ለችግረኞችና ለስደተኞች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ይታወቃል።

ኪራይን በተመለከተ፣ የቴሌሶም “ዛድ” እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ክፍያ በሞባይል ሆኗል። ይህ ለተከራይ በጎ ነገር ነው። በስልክ የሚመጣው መልእክት ቀኑንና የገንዘቡን ልክ ስለሚይዝ ከደረሰኝ አይተናነስም። አታጥፉት! ሲም ካርዱ በጓደኛ ስም የወጣ ከሆነ ግን ገንዘቡም ማስረጃውም በወረቀት ደረጃ የጓደኛ ነው። ፍቅር እያለ ይህን ማንም አያስበውም፤ ጠብ ሲመጣ ነው የሚታወቀው።

የሽርክና ንግድም እንደዚሁ ነው። ፈቃዱ በአገሬው ሰው ስም ወጥቶ ስደተኛው እቃና ጉልበት ካዋጣ፣ የሚለያዩ ቀን ስሙ የሌለበት ሰው ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ማን ስንት አዋጣ፣ የትኛው እቃ የማን ነው፣ ትርፉ እንዴት ይከፈላል የሚለው ተጽፎ፣ ሁለቱ ፈርመው ወይም አሻራ አድርገው፣ ሁለት ምስክር ቢኖርበት፣ ከምስክሮቹም አንዱ በሰፈሩ የሚከበር የአገሬው ሽማግሌ ቢሆን፣ ያ ወረቀት ፍርድ ቤትም ሔርም ዘንድ አፍ አለው። ለሠራተኛ ደመወዝም ቢሆን ቀኑንና የተከፈለውን በደብተር መጻፍ ቀላል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የልጅ ጉዳይ ነው። በሶማሊላንድ የ2002 የዜግነት ሕግ መሠረት ዜግነት የሚተላለፈው በአባት ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ እናቱ የአገሩ ተወላጅ ብትሆንም በእሷ በኩል ዜግነት አያገኝም። በሌላ በኩል ከኢትዮጵያ መንግሥት የሸሸች እናት ለልጇ ፓስፖርት ብላ ወደ ቆንስላው ብትሄድ “የሸሸችውን መንግሥት ጥበቃ ፈልጋለች” ተብሎ የስደተኛነት ጉዳይዋ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ልጁ በሕግ አገር አለው፣ በእጁ ግን ምንም የለም። ለዚህ ነው የሆስፒታል የወሊድ ወረቀትና የክትባት ካርድ እንደ ወርቅ መያዝ ያለባቸው። የልጅ መወለድም ሆነ ጋብቻ ቶሎ በስደተኛ ፋይል ላይ መመዝገብ አለበት። ዛሬ ያልተመዘገበ ልጅ ከዓመታት በኋላ በሦስተኛ አገር ቃለ መጠይቅ ላይ “የት ነበር?” ተብሎ ይጠየቅበታል።

አንዳንዱ “ወዳጄን እንዴት ፈርምልኝ እለዋለሁ፣ ነውር አይሆንም ወይ?” ይላል። ባህላችን ነው፣ ይገባናል። ግን አገራችን ሳለን ቃላችንን የሚያስከብሩልን ዘመድ፣ እድርና ሽማግሌ ነበሩን። እዚህ የነሱን ቦታ የሚሸፍነው አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። ወዳጅነትንም የሚያፈርሰው የተጻፈው ውል ሳይሆን ያልተጻፈው ነው።