ሥዕሉ በአንድ ወር አይደርስም

ዲቤንዶርፍ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለማስተምራቸው ልጆች ማኅበራችን የሥዕል መጽሐፍ ማሰቡ ደስ ብሎኛል። ሠዓሊዋን «በአንድ ወር ጨርሺ» ማለቱን ግን አልደግፍም። እዚህ አገር ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን «ሼለን ኡርስሊ» አሎይስ ካሪጂየት እንዲሥል የተጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1940 ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው በ1945 ነው። ቤቶቹን አይቶ ለመንደፍ ጓርዳ መንደር ድረስ ሄዶ ሰንብቷል።

የእኛዋ አምስት ዓመት ትቆይ አላልኩም። ግን የተለመደው የሥዕል መጽሐፍ 32 ገጽ ነው፤ ልጅቷ በየገጹ ያችው ልጅ መምሰል አለባት፣ ሹሩባዋና የቀሚሷ ጥልፍ ሳይቀር። የጀበናው እጀታ በአንዱ ገጽ ቢጠፋ ተማሪዎቼ ከእኔ ቀድመው ያዩታል! መጀመሪያ ንድፍ፣ ከዚያ እርማት፣ ከዚያ ቀለም፤ ያውም ከትምህርትና ከሥራ በተረፈ ሰዓት። ለፋሲካ ያልነውን ወደ እንቁጣጣሽ እናሻግረው፤ ክፍያዋንም ከማተሚያው ወጪ ጋር አብረን እንያዝላት።