ሣርም ዕረፍት ይሻል

ባለፈው ሳምንት በእርሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ መምህራችን ስለ ዝይ እርባታ ሲያስረዱን ክፍሉ በሣቅ ሞላ። «ዶሮዋን መቼ በቅጡ አረባንና ነው ዝይ የምናረባው?» ያለም አልጠፋ። እኔም አብሬ ስቄአለሁ፤ አልክድም። ማታ ግን በመኝታ ክፍላችን መስኮት ከኳስ ሜዳው ጀርባ ያለውን መስክ ሳይ ነገሩ የሚያስቅ እንዳልሆነ ገባኝ።

ዝይ እንደ ዶሮ እህል ብቻ ጠባቂ አይደለችም፤ ሣር ጋጭ ወፍ ናት። ጠርዙ እንደ መጋዝ በሆነው መንቆሯ አጭሩንና ለጋውን ሣር እየቆረጠች ትበላለች፤ ያረጀውን ትተወዋለች። ቃጫውን በደንብ መፍጨት ስለማትችል ብዙ ትበላለች፤ ብዙ ኩስም ትጥላለች። አንድ ቦታ ከከረመች የምትወደውን ሣር እስከ ሥሩ ትላጨዋለች፤ የማትወደው አረም ይነግሣል፤ የሆድ ትልም ይራባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አርቢዎች መስኩን በአጥር ይከፋፍላሉ፤ መንጋውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ፤ የተጋጠው ሣሩ እስኪያገግም ይዘጋል። ቁጥሩም በልክ ነው፤ ለምለም በሆነ አንድ ሄክታር መስክ ላይ ከ50 እስከ 100 ዝይ ቢሠማራ ነው።

ታዲያ ቁም ነገሩ ከዝይዋ ሳይሆን ከሣሩ ነው። በግም ትሁን ላም ሕጉ ያው ነው። ሣር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ ብቅ ባለ ቁጥር ከተጋጠ በሥሩ ያጠራቀመውን ጨርሶ ይሞታል።

ይህን ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሰዎች የጓሳን መስክ መሪ መርጠው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ወስነው ይከፍቱት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ መስኩ ተጎዳ። ኋላ ግን ነዋሪዎቹ ደንብ አውጥተው እንደገና መጠበቅ ያዙ።

የእኛ መስክ ግን ክረምት ከበጋ ክፍት ነው፤ ያገኘ ሁሉ ይገባበታል። በሚያዝያ አቧራ ብቻ ነው። አንዳንዶች «ሣሩ ተሽጦ ገንዘቡ ለክበባት ይዋል» ይላሉ። የቱ ሣር? ሌሎች ደግሞ «ጭራሽ ይዘጋ» ይላሉ። ይህም የጎረቤቶቻችንን በጎች ማስራብ ነው። በእኔ አስተያየት መስኩ በእሾህ አጥር በአራት ይከፈል። አንዱ ሲጋጥ ሦስቱ ይረፉ። በክረምት አንዱ እስከ መስከረም ተዘግቶ ሣሩ ታጭዶ ይድረቅ። የእርሻ ክበብ አባላትም የሣሩን ቁመት በየሳምንቱ በማስመሪያ እየለኩ መቼ እንደሚከፈት ይወስኑ። ለዚህ ከጉልበት በቀር በጀት አይጠይቅም እኮ!

«ይህ የእርሻ ባለሙያ ሥራ ነው፤ እኛ መምህራን ነን» የሚል ይኖራል። ነገ የምንመደበው ግን ገጠር ነው። መስኩ በተላጨ ቁጥር እረኛው ልጅ ከብቱን ራቅ አድርጎ ይነዳል፤ በራቀ ቁጥር ከክፍል ይቀራል። እኔ ራሴ ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ለሣሩ ዕረፍት ብንሰጠው ለእረኛው ልጅ ወንበር እንሰጠዋለን።

እንግዲህ ውድ ሠልጣኞችና መምህራን፣ ከሣቃችን በኋላ ዶማና መጥረቢያ እናንሣ!