የ549 ዶላሩ ግራፊክስ ካርድ በእርግጥ የ1,599 ዶላሩን ያህላል?

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ሁዋንግ ላስ ቬጋስ ላይ አርቲኤክስ 5070ን ይዘው ብቅ አሉ። ዋጋው ያኔ 549 ዶላር ነበር። አቅሙ ግን በ1,599 ዶላር ለገበያ ከወጣው 4090 እኩል ነው አሉ። እንዴት ሆኖ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ አንድ ፍሬም ራሱ ይሠራል። ከዚያ በእሱና በቀጣዩ መሃል ለምሳሌ 3 ፍሬሞችን ኤአይ በግምት ይሞላል። ስለዚህ ስክሪኑ በሰከንድ 240 ፍሬም ቢያሳያችሁም፣ ካርዱ የሠራው 60 ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለዓይን ያምራል። ጣት ግን አይሸወድም! በግምት የተሞሉት ፍሬሞች እናንተ ምን እንደተጫናችሁ አያውቁም። ስትተኩሱ ጌሙ የሚመልስላችሁ በ60ው ፍጥነት ነው፤ እንዲያውም ቀጣዩን ፍሬም መጠበቅ ስላለበት ትንሽ ይዘገያል። መነሻው 30 ከሆነማ፣ ቁጥሩ 100 ቢያልፍም እጃችሁ ላይ መጎተቱ አይቀርም። ሜሞሪውም ቢሆን ያው ነው፦ 5070 ያለው 12 ጊጋባይት፣ 4090 ደግሞ 24።

አቋራጭ መንገድ ዛሬ አልተጀመረም። በ2001 የኤቲአይ ድራይቨር ኩዌክ 3 የሚባለውን ጌም በስሙ ለይቶ የምስሉን ጥራት በድብቅ ይቀንስ ነበር፤ በፍጥነት ፈተና ላይ ብልጫ እንዲያገኝ። ባለሙያዎች የጌሙን ፋይል ስም ቀይረው ሲሞክሩት ምስሉ ጠራ፣ ፍጥነቱ ወረደ። ጉዱ ወጣ።

ታዲያ አቋራጭ ሁሉ ማጭበርበር ነው? አይደለም። ፐብጂ ሞባይል ላይ ግራፊክሱን ስሙዝ አድርጎ ፍሬም ሬቱን ከፍ የሚያደርግ ተጫዋች ጥራቱን ለፍጥነት አሳልፎ እየሰጠ ነው። ግን ራሱ ነው የመረጠው። የኤንቪዲያውም ቢሆን ማብራትና ማጥፋት ይቻላል። ችግሩ ግምቱን እንደ ካርዱ ጉልበት ቆጥሮ መሸጡ ላይ ነው።

ስለዚህ ካርድም ሆነ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ቁጥር ፍሬም ጀነሬሽን ጠፍቶ ስንት ነው? ለብቻ የሚጫወቱት፣ ታሪክና እይታ ያለው ጌም ከሆነ ምርጫችሁ፣ አብሩትና ተዝናኑ። ተኩስና ፉክክር ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አውጡ የሚላችሁ ሲጠፋ የሚታየው ቁጥር ይሁን።

እናንተስ? ጥራት ወይስ ፍጥነት? ኮመንት ላይ ጻፉልን።