ሙት ወቃሽነት ነፍስ ሲያጠፋ

«አብራሪዎቹ ቢችሉበት ኖሮ አውሮፕላኑ አይወድቅም ነበር።» ይህ አባባል ከቦይንግ 737 ማክስ አደጋዎች ጋር አብሮ ተወለደ፤ ዛሬም አልሞተም። አባባሉ ስድብ ብቻ ቢሆን በዝምታ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን የሰው ሕይወት ያስከፈለ አባባል ነው።

ቀኖቹን መቁጠር ይበቃል። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር በረራ 610 ከጃካርታ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ውስጥ ገባ። 189 ሰዎች አለቁ። ጣቶች ሁሉ ወደ ኢንዶኔዥያውያኑ አብራሪዎችና ወደ አየር መንገዱ የጥገና ክፍል ተቀሰሩ። በእርግጥም በጥገናው በኩል ጉድለት ነበር፤ የአገሪቱ መርማሪዎችም አልሸሸጉትም። ነገር ግን ጣቱ ወደዚያ ሲቀሰር ማክስ መብረሩን ቀጠለ። በ132ኛው ቀን፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በተነሳ በስድስት ደቂቃው ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ያው ሞዴል፣ ወደታች የደፈቀውም ያው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ነበር።

በእነዚያ 132 ቀናት ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም እንዳይባል፣ የሚያውቅ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የራሱን ስሌት ሠርቶ ነበር። ኤምካስ ካልተስተካከለ ማክስ በአገልግሎት ዘመኑ ሌላ እስከ 15 የሚደርስ ገዳይ አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል ስሌቱ አሳየ። አውሮፕላኑ ግን ከሰማይ አልወረደም። የተደረገው ነገር ቢኖር ለአብራሪዎች «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርጉ» የሚል መመሪያ መላክ ነው። ማሽኑ እስኪጠገን ድረስ ጥገናው አብራሪው እንዲሆን ተወሰነ ማለት ነው። ይህን ውሳኔ የወሰደ አካል ኋላ ላይ «አብራሪው ለምን አልጠገነውም?» ብሎ የመጠየቅ የሞራል ብቃት ከየት ያመጣል?

አሁን ወደ ስድስቱ ደቂቃዎች። አውሮፕላኑ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ተነሳ። መሬት እንደለቀቀ በግራ በኩል ያለው ሴንሰር አፍንጫው 74.5 ዲግሪ ቀና ብሏል አለ፤ የቀኙ ያነበበው ወደ 15 ዲግሪ ነበር። ኤምካስ በዚያን ጊዜ የሚያዳምጠው ደግሞ አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር፤ ያን ዕለት ያዳመጠው የሚዋሸውን ነበር። የዋና አብራሪው መሪ በእጁ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ «አየሩ ሊከዳህ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። መንቀጥቀጡም እስከ መጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ድረስ አልቆመም። ፍጥነትና ከፍታ የሚያሳዩት የግራና የቀኝ መለኪያዎች ተለያዩ። ከዚያ ኤምካስ ሳይጠየቅ አፍንጫውን ወደ መሬት መድፈቅ ጀመረ።

አብራሪዎቹ ምን አደረጉ? መመሪያው ያዘዘውን አደረጉ። ወደ ጭራው የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ኃይል እንቁረጥ ብሎ ሁለት ጊዜ የተናገረው ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ ነው፤ የ361 ሰዓት በረራ ብቻ ነበረው እየተባለ የሚነቀፈው እርሱው። ከ8,100 ሰዓት በላይ የበረረው ዋና አብራሪ ያሬድ ጌታቸው ተስማማ፤ ኃይሉ ተቆረጠ። ቀጣዩ እርምጃ ጭራውን በእጅ መዘውር መመለስ ነበር። ረዳት አብራሪው ሞከረ፤ መዘውሩ አልሠራም። በዚያ ፍጥነት ጭራው ላይ የሚያርፈው የአየር ጫና ከሰው ክንድ በላይ ነው። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ተመለሰ፤ ኤምካስም አብሮ ተመለሰ፤ አፍንጫውን እንደገና ደፈቀ።

ወቃሾቹ እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ነጥብ ያነሳሉ፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። የሞተሩ ኃይል ለመነሻ ከተስተካከለበት አልተቀነሰም፤ ፍጥነቱ ከልክ አለፈ፤ መዘውሩን ያከበደውም ይኸው ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት የአብራሪዎቹን አያያዝ በበቂ ሁኔታ አልመረመረም ብሎ ተከራክሯል። ይሁን። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ መለኪያዎቹ እየተጣሉ፣ ማንቂያዎቹ እየጮኹ፣ አፍንጫው ወደ መሬት እየተደፋ አንዲት እርምጃ ያመለጠችው ሰው ነው የአደጋው ምክንያት? ወይስ አንዲት የተበላሸች ሴንሰር ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንድታወርድ አድርጎ የሠራው?

መልሱን ቦይንግ ራሱ ያውቀው ነበር። ማክስ ተሳፋሪ ከመጫኑ ከዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የኩባንያው የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ላይ ኤምካስ ያለአግባብ ሲሠራ ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበታል፤ ውጤቱንም አጥፊ ብሎታል። ለፈቃድ በቀረበው ስሌት ግን ተራ አብራሪ በ4 ሰከንድ ውስጥ እርምጃ ይወስዳል ተብሎ ታሰበ። የኤምካስ ማብራሪያ ለአብራሪዎች ከተሰጠው መመሪያ ውስጥ እንዳይገባ ተደረገ። ሁለቱ ሴንሰሮች ሲለያዩ የሚያሳውቀው ማስጠንቀቂያ በአብዛኞቹ ማክሶች ላይ እንደማይሠራ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ቢያውቅም ለአየር መንገዶቹ የተናገረው ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ነው። ምክንያቱም ገንዘብ ነው። ለአንድ ትልቅ ደንበኛ፣ ለሳውዝዌስት፣ አብራሪዎቹ የሲሙሌተር ሥልጠና ካስፈለጋቸው በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ቦይንግ ቃል ገብቶ ነበር።

ይህ ሁሉ እያለ እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሳም ግሬቭስ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ችግሩን ይወጡት ነበር የሚል ክርክር አቀረቡ። ንግግሩ ወዴት እንደሚያመለክት ለጃካርታም ለአዲስ አበባም ግልጽ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ማለት ይህ ነው። ከወር በኋላ በዚያው ምክር ቤት የመሰከሩት ካፒቴን ሳሊ ሳለንበርገር ግን ሌላ ተናገሩ። ሞተር የጠፋበትን አውሮፕላን ሃድሰን ወንዝ ላይ ያሳረፉት እኚህ ሰው ሁኔታውን በሲሙሌተር ሞክረውታል፤ አብራሪዎቹ ጊዜ እንዴት እንዳጠራቸው ገብቷቸዋል። አብራሪ የብልሹ ንድፍ ማካካሻ ሊሆን አይገባም የሚል ነበር የምስክርነታቸው ፍሬ ነገር።

ክርክሩን መዝጋት የነበረበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 የሆነው ነው። ቦይንግ በቺካጎ ፍርድ ቤት ከሟች ቤተሰቦች ጋር ባደረገው ስምምነት ለበረራ 302 አደጋ ኃላፊነቱን ወሰደ፤ አውሮፕላኑ ለደኅንነት አስጊ እንደነበር አመነ፤ አብራሪዎቹንም ሆነ አየር መንገዱን ላለመውቀስ ተስማማ። ከሳሹ ክሱን አነሳ፤ አጨብጫቢው ግን አልሰማም። የወንጀሉ ክስ በበኩሉ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘጋ። ለ346 ሰዎች ሞት ከቦይንግ ኃላፊዎች መካከል አንድም ሰው እስር ቤት አልገባም።

በአማርኛ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚባለው ሟች ቆሞ መልስ ስለማይሰጥ ነው። በአቪዬሽን ግን ሙት ወቃሽነት ከነውርም ያልፋል። ወቀሳው ሟቹ አብራሪ ላይ ካረፈ ፋይሉ ይዘጋል፤ ፋይሉ ከተዘጋ ማሽኑ ይበራል፤ ማሽኑ ከበረረ ያው ማስጠንቀቂያ በሌላ ኮክፒት ውስጥ፣ በሌሎች እጆች ላይ ይጮኻል። የላየን ኤር አብራሪዎች ላይ የተጫነው ጥፋት ለበረራ 302 ተሳፋሪዎች ያተረፈላቸው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው አደጋ ማግስት «አብራሪው ምን አጠፋ?» የሚለው ጥያቄ ከመቅደሙ በፊት ሌላ ጥያቄ ይቅደም፤ ማሽኑ ለአብራሪው ምን ነገረው፣ ምንስ ደበቀው? ይህ ጥያቄ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በድፍረት ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ መጋቢት 1 ተራ እሑድ ሆኖ ያልፍ ነበር።