ሊትር ውሻን አይለካም

መኪና ሻጮች የኋላውን ዕቃ መጫኛ ስፋት በሊትር ይነግሩናል። ሊትር ለውኃና ለዘይት ነው፤ ለሻንጣም ይሁን። ሻንጣ ይጋደማል፣ ይደራረባል፤ ውሻ ግን ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይተኛል።

ወንዱ አይሪሽ ዎልፍሃውንድ እስከ ትከሻው ብቻ 80 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ራሱ ገና ከዚያ በላይ ይቀራል። ዛሬ ተራራ አክለው ከሚሸጡት መኪኖች የብዙዎቹ የኋላ መስታወት ግን ለመልክ ሲባል ወደ ፊት ተጋድሟል፤ ወለላቸውም ከፍ ብሏል። ከውጭ ግዙፍ፣ ከውስጥ ጠባብ! ያረጀ ውሻ ወደዚያ ከፍታ ሲዘል የሚጎዳው ዳሌው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1993 የተሠራው የቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን «ሣጥን» ተብሎ ተቀለደበት፤ ደግነቱ ግን ያው ሣጥንነቱ ነበር።

«ለውሻ ብሎ መኪና መምረጥ ቅብጠት ነው» የሚሉ አሉ። ቅብጠትስ አጣጥፈው ሊጭኑት ግዙፍ ውሻ ማሳደግ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኛስ ታማኝነቱን ተቀብለን መቆሚያ እንነፍገዋለን?

ገዢ ሆይ፣ ሜትር ይዘህ ሂድ፤ በሩን ዘግተህ ከወለል እስከ ጣሪያ ለካ። ከሁሉ ይልቅ ውሻህን ይዘህ ሂድ። ቆሞ መዞር ካቃተው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን መኪናው ትንሽ ነው።