የኪስ ሰንጢ፦ ከባቲ ገበያ እስከ ልጆቻችን እርሳስ

ሰንጢ ስል ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን እንደምታጨማድዱ እገምታለሁ። አዲስ አበባ ላይ ቃሉ ስሙ ጠፍቷል። «እሱ እኮ ሰንጢ ይይዛል» ከተባለ የሚታየን የሰፈር ዱርዬ ነው፤ ብርቱካን ልጦ ለልጆቹ የሚያካፍል አባት ትዝ የሚለን ጥቂቶች ነን። በዚህ ወር ማውራት የፈለግሁት ስለዚያ አባት ኪስ ነው። ተጣጥፋ የምትገባ፣ ዋጋዋ የማይጎዳ፣ ቤት ውስጥ ግን ከስንት ውድ ዕቃ በላይ የምታገለግል ትንሽ ስለት።

ይህችን ዕቃ በክብሯ ለማየት ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ጣርማበርን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ብርዱ እላይ ይቀራል። ከሸዋ ሮቢት በኋላ የመኪናው መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያላችሁ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትርቁ ከሚሴ ትገባላችሁ፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። እዚህ ኪሱ ሰንጢ ያለው ሰው ማንንም አያስደነግጥም። ሸንኮራ አገዳውን የሚልጠው፣ ገመዱን የሚቆርጠው፣ የከረጢቱን አፍ የሚከፍተው፣ ለጥርሱ የቆረጠውን መፋቂያ የሚያሾለው በእሷው ነው። የከሚሴ ሰው አማርኛና ኦሮምኛን እያቀያየረ ስለሚያወራ አንዴ «ቢላዋ»፣ አንዴ «አልቤ» ሲል ብትሰሙ አይግረማችሁ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የዚህን መስመር ከተሞች ስም አብዛኞቻችን በቅርብ ዓመታት የሰማነው ከክፉ ዜና ጋር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢው ነደደ፤ በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ደረሰ። ብዙ ቤተሰብ ሰው አጥቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ስለት በቀላሉ አይጻፍም። ሆኖም የኪስ ሰንጢ የጦር መሣሪያ አይደለም። የሰላም ቀን ዕቃ ነው፤ የሚወጣው ፍሬ ሲበስልና ገበያ ሲቆም ነው። በአንድ ሰንጢ የተከፈለ ፓፓያ ሦስት ሰው ሲበላው ማየት ለእኔ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። (ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከቤተሰብ ጋር ጉዞ በግምት አይደረግም።)

አሁን ወደ ገበያው። በዞኑ ሁለት ስመ ጥር ገበያዎች ተከታትለው ይውላሉ። ሰንበቴ ስሟ እንደሚነግራችሁ እሁድ ነው፤ ባቲ ሰኞ። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት ላይ ትገኛለች። ሰኞ ሰኞ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ግመል ከአንዱ ወገን፣ እህልና ጨርቅ ከሌላው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙ ባቲ መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ሁሉ ድምፅ ያለበት ሜዳ ቅኝት ቢሰየምለት አይበዛበትም እላለሁ።

የስለት ወዳጅ ከሆናችሁ ባቲ ላይ መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚስበው አፋሮች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት «ጊሌ» ነው፤ ወርዱ ሰፊ፣ ጫፉ የቆለመመ፣ በሁለት በኩል የተሳለ። ግርማ ሞገሱ አይካድም። ለእናንተ ወጥ ቤት ግን የሚሆን አይደለም፤ ለባለቤቱም ማዕረግ እንጂ የማስታወሻ ዕቃ አይደለምና «ስንት ትሸጥልኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ደስ አይልም። እናንተ የምትፈልጉት ምንጣፍ ላይ ከባትሪ ድንጋይ፣ ከመርፌና ከቁልፍ ጋር የተደረደረውን ነው። ከመካከላቸው ብዙው የቻይና ሥራ ነው፤ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የአገር ቤት ባለ እጅ የሠራውን ስለት ካገኛችሁ ግን አትለፉት። ባለ እጆቻችን አሮጌ ብረት አይጥሉም፤ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ በወናፍና በመዶሻ ቢላዋ ሆኖ ይወጣል። ባሌስትራ ደግሞ እንዲሁ ብረት አይደለም፤ ጎብጦ እንዲመለስ የተሠራ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ስለት ይይዛል።

ባለ እጅ ስል ደግሞ ያ የቆየ ነውራችን ይመጣል። እርሻችንን በማረሻ፣ ጓዳችንን በቢላዋ የሞላልንን ሰው «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያልን ከማዕድ ስናርቅ ኖረናል። አፄ ምኒልክ እጁ ሥራ የሚያውቅን ሰው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰው ነበር፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልወጣም። ስለዚህ ከሠሪው እጅ በቀጥታ ስትገዙ ዋጋውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ባትከራከሩት ደስ ይለኛል። ብረቱ ከምን እንደመጣም ጠይቁት። ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ብዙ አይደለም።

ምረጡ ስትባሉ ውበቱን ተዉትና ይህን እዩ። ስለቱን ክፈቱና ወደ ጎንና ጎን ገፋ አድርጉት፤ ቢወዛወዝ ማጠፊያው ላይ ያለው ምስማር ላልቷል ማለት ነው። ስትዘጉት ጫፉ ሙሉ በሙሉ እጀታው ውስጥ መግባት አለበት፤ ጥፍር የምታህል ጫፍ ብትቀር ኪስን ቀዳ ጭንን ታገኛለች። በጀርባው ሞላ ያለው ከሆነ ሲከፈትም ሲዘጋም እንቢ ማለት አለበት። ሞላ የሌለው፣ በምስማሩ ጥብቀት ብቻ የሚቆመውም መጥፎ አይደለም፤ ሲላላ ምስማሩን በመዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት ይበቃዋል። ሁለቱም ግን መቆለፊያ የላቸውም። ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፦ መቆለፊያ በሌለው ሰንጢ አይወጋም፣ ክዳን አይፈለቀቅም፣ የስለቱ ጀርባ አይጫንም። ታጥፎ የሚመጣው በጣታችሁ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ርካሽ ታጣፊ ስለት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንሳይ ሳቯዋ ተራሮች ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1890 ለገበሬዎች የሠራው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ዛሬም ይሠራል፤ ስለቱን የምትቆልፈዋ ቀለበት የተጨመረችለት በ1955 ነው። የእኛን አህጉር ብዙ የዞረው ግን ኦካፒ ነው። በ1902 ጀርመን ዞሊንገን ከተማ ውስጥ፣ በአፍሪካ ለነበሩት ቅኝ ግዛቶች ገበያ ተብሎ መሠራት ጀመረ፤ ከ1988 ወዲህ ሥራው ደቡብ አፍሪካ ነው። በቅኝ ገዢ ዕቃነት የተጀመረው የአፍሪካ ገበሬና ሠራተኛ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ለወላጅ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው የጃፓን ታሪክ ነው። «ሂጎኖካሚ» የሚባል፣ ከአንዲት የታጠፈች ቆርቆሮ እጀታና ከአንድ ስለት የተሠራ ሰንጢ አላቸው። በአንድ ወቅት የጃፓን ልጅ ሁሉ እርሳሱን የሚቀርጸው በእሱ ነበር። በ1960ዎቹ «ልጆች ስለት አይያዙ» የሚል ዘመቻ ተነሳ፤ የእርሳስ መቅረጫም በየቤቱ ገባ፤ ሂጎኖካሚም ከልጆች ኪስ ወጣ። ቆየት ብሎ አንዳንድ መምህራን ልጆቹ እጃቸው ሥራ እንደማያውቅ አስተዋሉ። በናጋኖ አውራጃ የሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው ሂጎኖካሚ መስጠት ጀመረ፤ ለአስርት ዓመታት እርሳሳቸውን በእሱ ሲቀርጹ ቆይተዋል።

የእኛም አገር ትምህርት ከስለት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። የቤተ ክህነቱ ጸሐፊ ብዕሩን የሚያበጀው ከመቃ ቆርጦ፣ ጫፉን አሹሎና ሰንጥቆ ነው። በወሎ የቁርዓን ትምህርት ቤቶችም ደረሳው ለውሁ ላይ የሚጽፍበትን ቀለም ከመቃ ያሾላል። ቢላዋ ያልነካው ብዕር አልነበረም። እንግሊዞችም ትንሿን የኪስ ሰንጢ እስከ ዛሬ የሚጠሯት «የብዕር ቢላዋ» እያሉ ነው።

ታዲያ ልጄን መቼ ላስይዘው? ዕድሜ መቁረጥ አልወድም፤ ልጁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የተነገረውን የሚሰማ፣ «አቁም» ሲባል የሚያቆም ልጅ መጀመር ይችላል። ጫፉ ደብዘዝ ያለ ስለት ምረጡ፤ ሹል ከሆነ ጫፉን ድንጋይ ላይ አሽታችሁ አክቡት። መጀመሪያ ሙዝ፣ ከዚያ ደረቅ ሳሙና መቅረጽ፣ ቀጥሎ እርሳስ። ተቀምጦ ብቻ ይሥራ፤ ክርኑ ጉልበቱ ላይ ይረፍ፤ ስለቱ ሁልጊዜ ከሰውነቱ ይራቅ። እጁን ዘርግቶ ዙሪያውን ሰው አለመኖሩን ሳያረጋግጥ አይክፈት። ሲያቀብል ዘግቶ ያቀብል። እኛ ቤት ክፍት ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ተቀባዩ ራሱ ያነሳዋል። ያኔ የአሮጊት ወግ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ከዚህ የተሻለ የደህንነት ሕግ አላውቅም። የሥራው ሰዓት ሲያበቃ ሰንጢው ወደ እናንተ መሳቢያ ይመለስ፤ ትምህርት ቤት አይሄድም፣ በቃ።

የዶለዶመ ስለት ከተሳለው ይልቅ ሰው ይቆርጣል፤ ብዙ ስለሚጫኑት ይንሸራተታል። በእስልምና አራጅ ስለቱን አስቀድሞ ደህና አድርጎ እንዲስል የታዘዘው እንስሳው እንዳይሠቃይ ነው፤ ለቲማቲም እንኳ ያው ደግነት አይከፋም። የመሳያ ድንጋይ ከሌላችሁ የሸክላ ኩባያችሁን ገልብጡት። መቀመጫው ላይ ያለችው ያልተለበጠች ሻካራ ቀለበት ጥሩ መሳያ ናት። ስለቱን 20 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጋችሁ ከሥሩ ወደ ጫፉ ሳቡት፣ በሁለቱም በኩል እኩል፣ አሥር አሥር ጊዜ። ወረቀት ያለ ድምፅ ከቆረጠ ደርሷል።

የባሌስትራው ብረት ይዝጋል፤ ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ደግሞ ይጠቁራል። ጥቁረቱን አትፈግፍጉት፤ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ዝገትን ትንሽ ይከላከልለታል። ቀዩን ዝገት ግን ወዲያው አጥፉት። ከተጠቀማችሁ በኋላ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ጠርጋችሁ አድርቁት፣ ማጠፊያው ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርጉበት። የገዛችሁት የሚዝግ ይሁን የማይዝግ ካላወቃችሁ ማግኔት አይነግራችሁም፤ ብዙ የማይዝግ ስለትም በማግኔት ይሳባልና። የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከጠቆረ የሚዝገው ነው።

መሰብሰብ ከጀመራችሁ በቆዳ ኪስ ውስጥ አታኑሯቸው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረት ይበላል። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ጋር ከየት ገበያ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ብር እንደተገዛ የሚል ቁራጭ ወረቀት ይኑር። ከአሥር ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ ከስለቱ ይልቅ በዋጋው ይገረማሉ።

ለጉዞው ደግሞ፦ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ ሰንጢው በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሂድ። አዲስ አበባ ስትደርሱም ቦርሳችሁ ውስጥ አትርሱት፤ የየሕንፃው ፍተሻ የብርቱካኑን ታሪክ አይሰማም። ባቲ ደግሞ ቆላ ናት፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ድረሱ፣ ለልጆቹ ኮፍያና ውኃ ያዙ፣ ዝርዝር ብርም አትርሱ።