194,313

ባለፈው ሰሞን መካነ ሰላም በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ ትልቅ ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ መበተን ለምን ይጠቅማል?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ሳሰላስል፥ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣው ጓደኛው፥ «ፋሲካን ለማወቅ ነዋ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልጁ እውነቱን ነበርና። የዛሬውንም ዓምድ 194,313 ለተባለው ቁጥር የሰጠሁት ስለዚህ ነው።

ቁጥሩ ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል፤ አራቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ሌላ አካፋይ የላቸውም። ቁጥሩ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ከባሕረ ሐሳብ ነው።

የሳምንት ዕለታት 7፥ ዓመታቱ የሚሰየሙባቸው ወንጌላውያንም 4 ናቸው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፥ ዕለትና ቀን እንደ ቀድሞው ሥርዓታቸው የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው። ይህ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። የጨረቃው አበቅቴ ደግሞ በ19 ዓመት ይመለሳል። 28ና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፥ ሁለቱ የሚገናኙት በብዜታቸው፥ ማለት በ532 ዓመት ነው። በ19 ፈንታ 20 ቢሆን ኖሮ በ140 ዓመት በተገናኙ ነበር።

የ532 ዓመት ዕለታት ሲቈጠሩ 194,313 ይሆናሉ። ይህም ለ7 ሲካፈል 27,759 ሳምንት ሆኖ ትርፍ አያስቀርም፤ ስለዚህ እሑድ ከእሑድ ይገጥማል።

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። 532 ብንቀንስ 1485 ዓ.ም. ይሆናል። በዚያም ዓመት፥ በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት፥ ኮሎምበስ ከመጀመሪያው የባሕር ጉዞው ወደ እስፓኝ ከተመለሰ ወር ሳይሞላው፥ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነበር። በ2549 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይውላል።

ይሁን እንጂ ጨረቃ ለቁጥራችን ፈጽማ አትገዛም። በ532 ዓመት 6,580 የጨረቃ ወሮች ይቈጠራሉ። 194,313ን ለዚህ ብናካፍል፥ አንዱ ወር 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ25 ሰኮንድ ያህል ይሆናል። የሰማይቱ ጨረቃ አማካይ ወር ግን ከዚህ በ22 ሰኮንድ ያህል ያጥራል። ይህች ኢምንት ስትጠራቀም በ532 ዓመት ከ40 ሰዓት ትበልጣለች።

ታዲያ ሊቃውንቱ ተሳሳቱ እንበልን? አይደለም። የሳይንት እረኛና የአዲስ አበባ ጸሐፊ በአንድ ቀን እንዲገድፉ የሚያደርግ፥ ያለ መሣሪያ በቃል የሚያዝ ስሌት ሠርተዋል። ስሕተቱንም የምናውቀው በዚያው በማካፈል ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ የአብነቱ ተማሪ ትርፉን በጣቱ ሲያሰላ ብታዩት አትሳቁበት፤ ቀርባችሁ ጠይቁት። እርሱም ስለዚያች 22 ሰኮንድ ይጠይቃችሁ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ትርፍ ስማር፥ ይኸው ትምህርት በሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር መኖሩን አላውቅም ነበር። ያስተማረኝ የተሳቀበት ልጅ ነው።